የልጅ ልጅ ልደት ሲደርስ፦ የባሕር ዳርቻ ኬክ በቤት ውስጥ እንዴት ይዋባል?

በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው የተወለደበትን ቀን ብዙ ጊዜ በትክክል አያውቀውም። እናቱ «የጤፍ አጨዳ ላይ ነበር» ወይም «ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው» ብላ ትነግረው ይሆናል እንጂ ቀኑን ጽፎ ያስቀመጠ የለም። እስራኤል ሲገባም የብዙው ሰው የልደት ቀን በቴውዳት ዜሁቱ ላይ የተሞላው በግምት ነው። የልጅ ልጆች ግን እንደዚያ አይደሉም። ልደታቸውን ከወር በፊት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ዑጋው ምን መምሰል እንዳለበትም አስቀድመው ያዝዛሉ።

በበጋ ወራት ከሚታዘዙት አንዱ የባሕር ዳርቻ ኬክ ነው፦ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ዛጎል። በሱቅ ተሠርቶ ሲገዛ ኪስ ይጎዳል። በቤት ሲሠራ ግን ወጪው ትንሽ ነው፣ ልጁም ከአያቱ ጋር ግማሽ ቀን ይውላል። ብዙ አያቶች «ይህ የወጣቶች ነገር ነው» ብለው ወደ ኋላ ይላሉ። ሥራው ግን ለእጃቸው እንግዳ አይደለም። ሸክላ ያበጀች፣ ስፌት የሰፋች፣ የጭቃ ቤት የለሰነች እጅ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ታውቃለች።

የየት ሀገር ባሕር ነው?

«ትሮፒካል» የሚባለው የምድር ክፍል ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 23.5 ዲግሪ ድረስ ያለው ሞቃት ቀበቶ ነው። እስራኤል ከዚህ ቀበቶ ውጪ ናት፤ ኢትዮጵያ ግን ሙሉ በሙሉ በውስጡ ናት። የጎንደር ሰው ሙቀቱን የማያውቀው ሀገሩ ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው፤ ጣና ሐይቅ እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይገኛል።

በትሮፒካል ባሕር ዳርቻ ያለው ነጭ አሸዋ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈጨ ኮራልና ዛጎል የመጣ ነው። በአሽዶድ፣ በአሽቀሎንና በነታኒያ የሚታየው አሸዋ ግን ቢጫ ነው። ብዙው የናይል ወንዝ ለብዙ ሺህ ዘመናት እየጠረገ ወደ ሜዲትራኒያን ያስገባው፣ የባሕሩ ሞገድም ወደ ሰሜን እየገፋ ያመጣው አሸዋ ነው። ከናይል ታላላቅ ገባሮች አንዱ የሆነው አባይ ደግሞ የሚወጣው ከጣና ነው። ይህ ኬኩ ሲሠራ ለልጁ ሊነገር የሚገባው ወግ ነው፤ በጋንም በትምህርት ቤትም ላይሰማው ይችላል።

ከመጀመር በፊት ሦስት ጥያቄ

አንደኛ፣ ኬኩ የሚበላው ከምን በኋላ ነው? የሥጋ ምግብ ካለ ሐላቪ ክሬም አይሆንም፤ ሁሉም ነገር ፓርቬ መሆን አለበት። ዱቄቱና እንቁላሉ ፓርቬ ቢሆኑም ብስኩቱ፣ ቸኮላቱ ወይም ክሬሙ ሐላቪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቅል መታየት አለበት። ጄሊና ለስላሳ ከረሜላም ብዙ ጊዜ ጄላቲን ስላለባቸው የካሽሩት ማኅተም ይፈለግባቸዋል። ኢ 120 የሚባለው ቀይ ቀለም ደግሞ ከነፍሳት የሚወጣ ስለሆነ ካሸር አይደለም። በዓሉ ሰንበት ማታ ከሆነም ሰንበት ከገባ በኋላ ሻማ ማብራትም ማጥፋትም ስለማይቻል፣ ሻማው ሰንበት ሳይገባ ወይም ከወጣ በኋላ ይደረጋል።

ሁለተኛ፣ ከሚመጡት ልጆች መካከል አንዳንድ ምግብ የማይስማማው አለ? ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ጥቂት ቢቀምስ እንኳ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በጥቅሉ ጀርባ የሚፈለጉት የዕብራይስጥ ቃላት እነዚህ ናቸው፦ ቦትኒም (ኦቾሎኒ)፣ ኤጎዚም (ለውዝ ነክ ፍሬዎች)፣ ሽቄዲም (አልሞንድ)፣ ሱምሱም (ሰሊጥ)፣ ሐላቭ (ወተት)፣ ቤጺም (እንቁላል)። ማንበብ ያልለመደ ሰው ጥቅሉን ለልጅ ወይም ለጎረቤት አሳይቶ ማስነበብ ይችላል። አንዳንዶች ባምባ ፈጭተው «አሸዋ» ያደርጉታል፤ ባምባ ግን የሚሠራው ከኦቾሎኒ ስለሆነ ብዙ ልጆች በሚበሉት ኬክ ላይ አይመከርም።

ሦስተኛ፣ ኬኩ የሚቆረሰው የት ነው? ወደ ጋን የሚሄድ ከሆነ ጋኔኔቷን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በካሽሩትና በአለርጂ ምክንያት በቤት የተጋገረ ኬክ የማይቀበሉ ጋኖች ብዙ ናቸው። ሳይጠየቅ ተሠርቶ በር ላይ ቢመለስ ለልጁም ለአያቱም ሐዘን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለኬኩ፦ 4 እንቁላል፣ 250 ግራም ስኳር፣ 180 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 240 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ 350 ግራም ዱቄት፣ አንድ ጥቅል (10 ግራም) የኬክ ማቡኪያ ዱቄትና የተፈገፈገ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ።

ለማስጌጫው፦ ሁለት ጥቅል (እያንዳንዱ 250 ሚሊ ሊትር) ፓርቬ ጣፋጭ ክሬም፣ ሰማያዊ የምግብ ቀለም፣ 100 ግራም ያህል ፔቲበር ብስኩት፣ 200 ግራም ያህል የስኳር ሊጥ (በሱቅ በጼክ ሱካር የሚባለው)፣ ሁለት የተጠቀለለ ዋፈርና ጥቂት ቸኮላት።

ሥራው በሦስት ቀን ቢከፈል ይቀላል። ከልደቱ ሁለት ቀን በፊት የዘንባባው ቅጠልና ዛጎሉ ይበጃሉ፤ መድረቅ አለባቸውና። በዋዜማው ኬኩ ተጋግሮ ክሬም ይቀባል። በልደቱ ቀን አሸዋው ይነሰነሳል፣ ዘንባባው ይተከላል።

ኬኩን መጋገር

እንቁላሉና ስኳሩ እስኪነጣና እስኪያብጥ በሚክሰር ይመታሉ። ዘይቱና ጭማቂው ቀስ እየተደረገ ይጨመራል። በመጨረሻ ዱቄቱ ከማቡኪያው ጋር በወንፊት ተነፍቶ ይገባል፤ ልጣጩም አብሮ። ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ መምታት ኬኩን ያደርቀዋልና እስኪዋሃድ ብቻ ይማሰላል።

ሊጡ 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ውስጥ ይፈሳል፤ ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት ይነጠፋል። አስቀድሞ በጋለ 170 ዲግሪ ኦቨን ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይጋገራል። ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ተወግቶ ደረቅ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ሙቅ ኬክ ላይ ክሬም አይቀባም፤ ይቀልጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ፣ ቢቻል ሌሊቱን ይቆያል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ ያበጠው በረጅም ቢላ ተቆርጦ ይስተካከላል። የተቆረጠው አይጣልም፤ በአንድ ጎን ተከምሮ ዘንባባው የሚበቅልበት ትንሽ ኮረብታ ይሆናል።

ሁለት ጊዜ መለሰን

የጭቃ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ መጀመሪያ ምርጊት፣ ከደረቀ በኋላ ልስን። ኬክም እንዲሁ ነው። ክሬሙ በቀጥታ በወፍራሙ ከተቀባ የኬኩ ፍርፋሪ እየተነሳ ይገባበታል፤ ባሕሩም የደፈረሰ ይመስላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ስስ ክሬም በሁሉም በኩል ይቀባና ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቀመጣል። ፍርፋሪው በዚያ ክሬም ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛው ይቀባል።

ክሬሙ በደንብ እንዲቆም ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት። የሚመታበት ሳህንም ቢቀዘቅዝ ጥሩ ነው። ማንኪያ ተነክሮ ሲወጣ ጫፉ ሳይወድቅ ከቆመ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ መምታት ይቆራርጠዋል።

ባሕሩ

ስስ ልስኑ ከተቀባ በኋላ የቀረው ክሬም በሦስት ሳህን ይከፈላል። አንዱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ይሆናል። እውነተኛው ባሕርም እንዲህ ነው። ውሃ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ወገን ስለሚውጥ ጥልቁ ክፍል ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ጥልቀት በሌለበት ደግሞ ከሥሩ ያለው ነጭ አሸዋ ብርሃኑን ስለሚመልስ ውሃው ፈዘዝ ብሎ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። አንድ ጠብታ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈዘዝ ባለው ሰማያዊ ውስጥ ከገባ ያ መልክ ይመጣል።

ቀለሙ በስቴኪኒ ጫፍ እየተነካ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ውሃ የሆነ ቀለም ሲበዛ ክሬሙን ያላላዋል፤ ወፈር ያለው የጄል ቀለም ይሻላል። ቀለም ሲቆይ እየጠቆረ ስለሚሄድ ከሚፈለገው ትንሽ ፈካ እያለ ማቆም ይገባል። ከበዛ ጣዕሙ ይመርራል፣ የልጆቹንም ከንፈርና ጥርስ ያቀልማል።

አቀባቡ ከሩቁ ወደ ቅርብ ነው። ጠቆር ያለው በኬኩ አንድ ጠርዝ፣ ፈዘዝ ያለው ቀጥሎ ይቀባል፤ መገናኛቸው በማንኪያ ጀርባ ይዋሃዳል። የማንኪያውን ጀርባ ክሬሙ ላይ ጫን እያደረጉ ወደ ላይ በማንሳት ሞገድ ይወጣል። አለመስተካከሉ ጥፋት አይደለም፤ ባሕርም የተስተካከለ አይደለም። ከነጩ ክሬም ትንሽ ለአረፋው ይቆያል፤ የተረፈው አሸዋው የሚመጣበትን ሦስተኛውን ክፍል ይሸፍናል።

ውሃው እንዲያብረቀርቅ የሚፈልግ ሰማያዊ ጄሊ በዝርግ ሳህን ለብቻው አርግቶ፣ በሹካ ሰባብሮ ክሬሙ ላይ ሊበትን ይችላል። ትኩስ ጄሊ ክሬም ላይ አይፈስም። በእስራኤል በጋ በጄላቲን የተሠራ ጄሊ ቶሎ ይቀልጣል፤ የሚቀልጠው ከሰው ገላ ሙቀት ባነሰ ነውና። ከባሕር ዕፅ የሚሠራው አጋር አጋር ግን አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ ገደማ አይቀልጥም፤ የእንስሳት ተዋጽኦም የለበትም።

አሸዋው

ብስኩቱ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ በሊጥ መዳመጫ ወይም በጠርሙስ ይደቅቃል። ይህ ለትንሽ ልጅ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው። የደቀቀው በወንፊት ሲነፋ ሁለት ዓይነት ይሆናል። የላመው ደረቁ አሸዋ ነው። ሻካራው በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይትና በትንሽ ቡናማ ስኳር ከታሸ ጠቆር ስለሚል ውሃ የነካው አሸዋ ይመስላል፤ ይህ በባሕሩ ጠርዝ ይነጠፋል።

ብስኩት እርጥበት ይመጥጣል። ማታ የተነሰነሰ አሸዋ ጠዋት ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አሸዋው የሚነሰነሰው እንግዳ ሊመጣ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። በመጨረሻ ውሃና አሸዋ በሚገናኙበት መስመር ላይ የቆየው ነጭ ክሬም በጣት ወይም በትንሽ ማንኪያ ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ አረፋው እሱ ነው።

ዘንባባውና ዛጎሉ

በኢትዮጵያ ዘንባባ የሚባለውና እዚህ ሀገር በየመንገዱ የሚታየው ተምር ዘመዳሞች ናቸው። የትሮፒካል ባሕር ዳርቻው ግን ኮኮናት ነው። ተምር ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ኮኮናት ብዙ ጊዜ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ፍሬው ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በሞገድ ተወስዶ ሌላ ዳርቻ ላይ ሊበቅል ይችላል። እንግዲህ በኬኩ ላይም ግንዱ ትንሽ ወደ ውሃው ያዘንብል።

ግንዱ የተጠቀለለው ዋፈር ነው። ቅጠሉ ከስኳር ሊጥ ይሠራል። ሸክላ የሠሩ እናቶች እዚህ ላይ ብዙ መማር አያስፈልጋቸውም። የስኳር ሊጥ ጠባዩ እንደ ጭቃ ነው፦ አየር ካገኘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ እንደሚሸፈን፣ ያልተሠራበት ሊጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከተሰነጠቀ ግን ውሃ ሳይሆን አንድ ጠብታ ዘይት በእጅ ተደርጎ ይታሻል፤ ውሃ ያሟሟዋል።

ሊጡ አረንጓዴ ቀለም ገብቶበት፣ ተዳምጦ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባላቸው ቅጠሎች ይቆረጣል። ዳርና ዳሩ በንጹሕ መቀስ ቀጠን ቀጠን ተደርጎ ይተለተላል። ቅጠሉ እንዲጎብጥ በጠርሙስ ወይም በጭልፋ ጀርባ ላይ ተኝቶ ሁለት ቀን ይደርቃል። ለአንድ ዛፍ አራት ወይም አምስት ቅጠል ይበቃል፤ ከበዛ ይከብድና ዛፉን ይጥለዋል። ቅጠሎቹ በቀለጠ ቸኮላት ከግንዱ ጫፍ ይጣበቃሉ፤ ግንዱም ሲሶው በኬኩ ውስጥ ይተከላል።

ዛጎልና የባሕር ኮከብም ከዚያው ሊጥ ይሠራሉ። ዛጎል ለማውጣት ትንሽ ድቡልቡል ሊጥ በመዳፍ ጠፍጠፍ ተደርጎ በቢላ ጀርባ ከአንድ ጫፍ ወደ ዳር መስመር መስመር ይደረግበታል። የደረቀ የስኳር ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ይላላል። ስለዚህ ኬኩ ላይ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው።

ኬክ ላይ የማይወጡ ነገሮች

አንዳንዱ ነገር ያምራል፣ ግን ይጎዳል። በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል ቅጠልና አበባ ኬክ ላይ መሰካት የለበትም። በዕብራይስጥ ሀርዱፍ የሚባለው ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ በእስራኤል መንገዶች ዳር በብዛት ተተክሏል፤ ቅጠሉም አበባውም ግንዱም መርዝ ነው። ቅጠሉ ቁርጥ ዘንባባ የሚመስለው አጭሩ ሳይካስ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስታል። ትንሽ ዘንባባ ይመስላል እንጂ ዘንባባ አይደለም፤ ቅጠሉም ፍሬውም መርዛማ ነው። እውነተኛ ቅጠል የሚፈልግ ለምግብ የሚሸጥ ናና ወይም የጥብስ ቅጠል አጥቦ ይጠቀም።

ከባሕር ዳር የተለቀመ እውነተኛ ዛጎልም አይሆንም፤ ቆሻሻ ይይዛል፣ ጥርስም ይሰብራል። የወረቀት ጃንጥላ ውስጡ ሹል እንጨት ስላለው ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ከሻማ አጠገብም አይተከልም፣ ቶሎ ይቀጣጠላል። ሻማው በባሕሩ በኩል፣ ጌጡ በአሸዋው በኩል ይሁን። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ካሉ ጠንካራ ከረሜላና ሙሉ ለውዝ አይደረግም፤ ጉሮሮ ይዘጋል። ወይን ለማስጌጫ ከገባም በርዝመቱ መሰንጠቅ አለበት።

በሙቀት ጊዜ

በሐምሌና በነሐሴ ክሬም ጠረጴዛ ላይ ብዙ አይቆምም። ኬኩ ከፍሪጅ የሚወጣው ሊቆረስ 15 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ክሬም ያለበት ኬክ ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። በመኪና ሲወሰድ ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይቀመጥ፤ ወንበር ዘንበል ስለሚል ባሕሩ ወደ አሸዋው ይሄዳል። ዘንባባው ለብቻው ተይዞ ሄዶ በቦታው ይተከል።

የስኳር በሽታ ላለበት

በዓሉ ላይ የሚቀመጡ ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ስኳር አለባቸው። ይህ ኬክ ለ16 ሰው ቢቆረስ በአንዱ ቁራሽ ውስጥ ወደ 16 ግራም፣ ማለትም አራት የሻይ ማንኪያ ያህል የተጨመረ ስኳር አለ። ዱቄቱ፣ ጭማቂው፣ ክሬሙና ጌጡ ሳይቆጠሩ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ቁራሹ ቀጠን ይበል፤ ክሬሙና የስኳር ሊጡ ከላዩ ይነሳ፤ ሐኪም የሰጠውም ምክር አይረሳ። ልጅ በእጁ ይዞ የመጣውን ቁራሽ ፈጽሞ መመለስ ከባድ ነው፤ ሁለት ጉርሻ ቀምሶ መመረቅ ግን ይቻላል።

ከልጁ ጋር መሥራት

የአምስት ዓመት ልጅ ብስኩት መደቆስና አሸዋ መነስነስ ይችላል። የስምንት ዓመት ልጅ ሞገዱን በማንኪያ ያወጣል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጥቅሉን ዕብራይስጥ ለአያቱ ያነባል። ቢላና ኦቨን የትልቅ ሰው ድርሻ ነው።

በብዙ ቤት አያት በአማርኛ ትናገራለች፣ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል፤ ጨዋታውም ቶሎ ያልቃል። ሊጥ በእጅ ሲያዝ ግን ቃሉ ከእቃው ጋር አብሮ ይመጣል፦ አሸዋ፣ ሞገድ፣ ዛጎል፣ ዘንባባ። ልጁ በእጁ እየነካ የሰማውን ቃል ቶሎ አይረሳም። እሱ ደግሞ ሆል፣ ጋል፣ ጸደፍ፣ ደቀል እያለ ያስተምራል።

ሻማው ሲጠፋ ደግሞ ልጆች አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይወዳሉ፦ «የአንቺስ ልደት መቼ ነው?» ቀኑን የማታውቅ አያት «የጤፍ አጨዳ ላይ ነው» ብትለው መልስ ነው። ጤፍ መቼ እንደሚታጨድ ልጁ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ የሚቀጥለው ልደት የማን እንደሚሆን ይታወቃል።